የእማማ አይዴላ ግድግዳና የእኔ ፊርማ

ለክቡር ዶክተር ሃርላን ቶርንዌል
የዊሎቢ አውራጃ የታሪክ ቅርስ ኮሚሽን ሊቀ መንበር
ዊሎቢ፣ ጆርጂያ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤናን፣ ባለፈው ስብሰባ የእኔ ጉዳይ ሲነሣ በድንገት ለታመመው ወገብዎም ፍጹም መሻልን እመኛለሁ። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ፊቴ በሀፍረት ከመቃጠሉ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ የላክሁልዎ ክብርዎን ለማጉደል አይደለም፤ በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደ ደረሱ ጸሐፊዎ ሊነግሩኝ ስላልቻሉ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ሚስ አርዜላ ፕሩዊት በሰፈራችን ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። በባርነት ተወልደው ያረጁትን ሰዎች በየደጃፋቸው እየዞሩ ጠይቀው፣ ማን ከማን ተነጥሎ እንደ ተሸጠ፣ የትኛው እርሻ ከማን እጅ እንደ ተነጠቀ በየስሙ እየለዩ፣ «የደቡብ መልእክተኛ» በሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ለሃያ አንድ ዓመት በየሳምንቱ ጽፈዋል። ከእርሳቸው በፊት የዚህን አውራጃ ታሪክ ከተሸጡት ሰዎች አፍ ሰምቶ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም። ጋዜጣው ከተዘጋ በኋላ ሕንፃው ለመንገድ ሲፈርስ ጥራዞቹም ከፍርስራሹ ጋር ተጭነው ሄዱ። ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በስማቸው የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲቆም ኮሚሽኑን ለመኑ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ለልመናው ስለ ተሰጠው ፈጣን መልስ አመሰግናለሁ። «ጽሑፎቹ ስለ መኖራቸው ማስረጃ አልተገኘም» የሚለው ዓረፍተ ነገር አጭርና ያማረ ነው። ማማሩን የማውቀው እኔው ስለ ጻፍሁት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማርሁ ጡረተኛ፣ የኮሚሽኑ ሰባተኛ አባልና ብቸኛው ጥቁር እኔ ነኝ። ፎቶግራፌን በየዓመቱ በመጽሔታችን ሽፋን ላይ ስላወጡልኝም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከሽፋኑ ወደ ውስጥ ለወገኖቼ ስንት ገጽ እንደ ተሰጠ እኔም ለመጠየቅ ደፍሬ አላውቅም፣ እርስዎም በዚህ ጥያቄ አላስጨነቁኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅጻችን። አውራጃው አሮጌ ቤት ከማፍረሱ በፊት ኮሚሽኑ «ታሪካዊ ዋጋ የለውም» ብሎ መፈረም አለበት፤ በፔካን ጎዳና የቀረውን የመጨረሻ የእንጨት ቤት አይቼ እንድፈርም የላኩኝ እርስዎ ነዎት። ሙቀቱ የሚያፈላ ስለ ነበር ከመኪናዬ አልወረድሁም። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈልሁ፣ «የቤቱ ውስጥ ተመርምሯል?» በሚለው ተራ ቁጥር አራት ላይ «አዎ» ብዬ ጻፍሁ። በረንዳው ላይ የተቀመጡ፣ ያለ መነጽሬ ያልለየኋቸው አንዲት አሮጊት እጃቸውን ሲያነሡ ሰላምታ መስሎኝ እኔም አንሥቼ ሄድሁ። እርስዎም ቅጹን ሲቀበሉ ስለ ጥራቴ አመስግነውኝ ነበር፤ ምስጋናውን እስካሁን አልመለስሁልዎትም።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። አሮጊቷ እማማ አይዴላ ስትሪክላንድ ናቸው፤ የዘጠና አንድ ዓመት ሴት፣ የቤተ ክርስቲያናችን እናት። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በምርኩዛቸው መንገዴን ዘጉብኝ።

«አንተ መምህር! ና ብዬ ስጠራህ እጅህን እያውለበለብክ ሄድክ። ምነው፣ ለምርጫ ልትወዳደር ነው?»

ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከዚያው እንደ በግ እየነዱ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝና የጓዳ መኝታ ቤታቸውን ከፈቱ። ክቡር ሊቀ መንበር፣ አራቱም ግድግዳዎች ከወለል እስከ ጣሪያ በጋዜጣ የተለበጡ ናቸው። የእኛ ሰዎች ያንን የሚያደርጉት ነፋስ እንዳይገባ ነው፤ ደግሞም ሙት መንፈስ ግድግዳ ላይ ያለውን ፊደል ሁሉ አንብቦ ካልጨረሰ በተኛ ሰው ላይ ክፉ መሥራት አይችልም ይባላል። እናቴም ታደርገው ነበር፤ እኔ ተምሬ ስመለስ ግን ግድግዳውን ቀለም አስቀባሁባት።

«ሚስ አርዜላን ሁልጊዜ ከራስጌዬ ነበር የምለጥፋት» አሉኝ እማማ አይዴላ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። «ጽሑፏ ረጅም ነው፣ ስም ይበዛዋል፤ መንፈሱን ያደክመዋል።»

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ለማንም አልነገሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን ጠየቀኝ? ያ መንፈስ ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲያነብ ኖሯል። ከናንተ ኮሚሽን እሱ ይሻላል፤ ተምሯል።»

መነጽሬን አድርጌ ከመስኮቱ ግራ ጀመርሁ። በላይኛው ንጣፍ ብቻ ስልሳ ሦስት ጽሑፎች ቆጥሬአለሁ፤ ከሥሩ በዱቄት ሙጫ የተጣበቁ ሌሎች ሦስት ንጣፎች አሉ። አንዱ ጽሑፍ ፕራይመስ የሚባሉ ሽማግሌ የነገሯቸው ነው፤ እናታቸው ዲሊ በአንድ ባዝራና በአንድ የግድግዳ ሰዓት ተለውጣ ስትወሰድ ከቀሚሷ ቁልፍ በጥሳ እጃቸው ላይ አኑራላቸው ነበር። የለወጣት ሰውዬ ስም እዚያው ተጽፏል። በከተማችን አደባባይ ሐውልት አለው፤ እኔ ተማሪዎቼን በየዓመቱ በሰልፍ እየወሰድሁ ሳስጎበኛቸው ኖሬአለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይህ ነው።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። እርስዎን አይመለከትም፤ ነገር ግን ቅሬታ በቁጥር ከተባለ ትልቁ እርሱ ስለ ሆነ ልዘለው አልችልም። ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ሚስ አርዜላ ወደ ክፍሌ መጥተው ነበር። አርጅተዋል፤ በክንዳቸው የባርኔጣ ካርቶን ይዘዋል። ለልጆቹ ጥቂት ልንገራቸው አሉኝ። እኔም በአዲሱ ከረባቴ ሆኜ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሚስ አርዜላ፣ እኔ የማስተምረው ታሪክ እንጂ የበረንዳ ወሬ አይደለም፤ የግርጌ ማስታወሻ ያለው ነገር ሲኖርዎት ይምጡ» አልኋቸው። ለቀባሪው አረዱት ማለት ነው።

አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ የኔ የግርጌ ማስታወሻዎች ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ተቀብረዋል» አሉኝ። «ጊዜ ስታገኝ ሄደህ ጠይቃቸው።»

ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅኋቸውም። በሦስተኛው ዓመት ሞቱ፤ የእህታቸው ልጅ ቤቱን ስታጸዳ አሮጌ ወረቀት ሁሉ ማቃጠሏን ሰማሁ፤ ያኔም አንዳች ነገር አልተናገርሁም። ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ከእናንተ ሁሉ ጋር በጋዜጣ ታነበዋለች። አፍሬአለሁ። ሌላ የሚያምር ቃል ፈልጌለት አጣሁ።

አምስተኛ፤ ፊርማዬን ለመሰረዝ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስለ ሰጡኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። «የተፈረመ ሰነድ ለዘጠና ቀን አይከፈትም» አሉኝ። ቤቱ የሚፈርሰው በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ መሆኑን ባስታውስዎ፣ ግድግዳውን ፎቶግራፍ ማንሣት እንደምችል በደግነት መከሩኝ። አነሣሁ። ነገር ግን ከሥር ያሉትን ሦስት ንጣፎች ካሜራ አያያቸውም፤ በእንፋሎት እያራሱ፣ በእጅ እየላጡ፣ ወራት ይፈጃሉ። ይህንንም ስነግርዎ ሰዓትዎን አዩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚለውን አባባል ለብዙ ዓመት እኔ ስኖርበት ነበርና እርስዎን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

የሚስ አርዜላን ቃል ያው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይቀብረው ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያስቸገርሁዎ። በመጀመሪያው ወጣት ነበርሁ ብዬ ራሴን አታልል ይሆናል፤ ለሁለተኛው ምክንያት የለኝም።

ለኮሚሽኑ ረጅም ዕድሜን፣ ለማኅተሙ ብዙ ቀለምን፣ ለእርስዎም ሰላማዊ ሐሙስን እየተመኘሁ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ታሪክ የመረመረው፣ በሽፋን ላይ ሲስቅ የኖረው፣ ትሑት አገልጋይዎ

ዊንፍሬድ ኬ. ባስኪን
የኮሚሽኑ ሰባተኛ አባል (እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ)

ድኅረ ጽሑፍ፤ የተፈረመ ሰነድ አይከፈትም ያሉኝን ቤቴ ሆኜ ደጋግሜ አሰብሁበት። በመንግሥት ቅጽ ላይ ያላየሁትን አየሁ ብሎ መጻፍ በሕግ ወንጀል መሆኑ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ትናንት ጠዋት እማማ አይዴላን አስከትዬ ሸሪፍ ቢሮ ሄድሁና ራሴን ከሰስሁ። ተረኛዋ ፖሊስ ጄርላይን ክራምተን የጥንት ተማሪዬ ናት።

«መምህር፣ ከሳሽም እርስዎ፣ ተከሳሽም እርስዎ?» አለችኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ። «ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ጻፊለት፣ ልጄ» አሉ እማማ አይዴላ ከወንበራቸው። «ሀፍረቱ ገና ዛሬ ሥራ ማግኘቱ ነው፤ ሥራ አታስፈቺው።»

ጻፈችልኝ። ቤቱ የወንጀሉ ማስረጃ ስለ ሆነ ዳኛው አይተው እስኪወስኑ ድረስ ማንም እንዳይነካው ከሰዓት በኋላ ታዘዘ፤ መሣሪያ ሊያራግፍ ቀድሞ የመጣው የአፍራሾቹ መኪናም ከበሩ ተመልሷል። ጄርላይን እንደ ነገረችኝ፣ ውስጡን ብመረምር ኖሮ ምን አገኝ እንደ ነበር ለማረጋገጥ፣ በአራቱም ግድግዳዎች ላይ ያለው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ንጣፍ ተላጦ፣ ተነብቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት መመዝገብ አለበት። እንግዲህ ኮሚሽኑ ስለ ሚስ አርዜላ ፕሩዊት ጽሑፎች ማስረጃ በፈለገ ጊዜ፣ በአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ በእኔ የወንጀል ፋይል ውስጥ ያገኛቸዋል።