ጋሼ ሚስማርና የነርሷ ጥያቄ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ሚስማር» እያለ የሚጠራቸው ሶፋ ሠሪው አጎቴ፣ ከአናጢው አባታቸውና ከአትክልት ሻጯ እናታቸው በ1936 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ወንበር መሥራት ይሻለኛል ብለው በ1950 ዓ.ም. አንድ ሶፋ ሠሪ ዘንድ ተቀጠሩ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው እዚያው ነው። ሚስማሮቹን በከንፈራቸው ይዘው እየመቱ ወሬያቸውን ግን አያቋርጡም ነበር። ደንበኛው ግማሹን ባይሰማም ይስቃል።

በ1961 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ብዙም ሳይቆዩ የሶፋ ልብስ ይሰፉላቸው የነበሩትን ባለሙያ አግብተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ባልና ሚስቱ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ መቀስ እየተሻሙ ኖሩ።

በ2001 ዓ.ም. ባለቤታቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት ሐኪሙ የአጎቴን ሳንባ መርምሮ የጥጥና የስፖንጅ ብናኝ እንደጎዳውና ብዙ እንደማይቆዩ ነገራቸው። ትልቋ ልጃቸው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ማዘዝ ታውቅበታለች። ሱቁን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እናቷን በቀበረች ማግስት አባቷንም እንዳታጣ ፈርታ ነው። አጎቴም መስኮት ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውሉ ጀመር።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየዓመቱ አረጋውያንን «ኑሮዎን እንዴት ያዩታል?» ብላ ትጠይቃለች። አጎቴ «መጥፎ ነው» አሏት። ነርሷም ለልጃቸው፣ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሕመማቸው ተመሳሳይ ከሆነ ሰዎች መካከል እንኳ ኑሯቸውን መጥፎ የሚሉት ቀድመው የመሞት አደጋቸው ከፍ እንደሚል አስረዳቻት።

ወይ ጉድ! ታዲያ ቤተሰቡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጎቴን ማስጠናት! ቁርስ ላይ «በጣም ጥሩ»፣ ራት ላይ «በጣም ጥሩ» እያስባሉ ሲያለማምዷቸው ከረሙ፤ ቃሉ ዕድሜ የሚያስረዝም ይመስል። ነርሷ ተመልሳ ስትጠይቃቸው አጎቴ ቀና ብለው፣ «በጣም ጥሩ በሉ ተብያለሁ» አሏት። ዳይሬክተሯ የምትገባበት ጠፋት። ነርሷ ስቃ ስታበቃ፣ መስተካከል ያለበት መልሱ ሳይሆን ኑሮው መሆኑን ተናግራ ምን እንደጎደላቸው ጠየቀቻቸው። አጎቴ በጣታቸው የልጃቸውን ቦርሳ አሳዩ።

ልጃቸው ያን ዕለት አለቀሰች። ቁልፉን ብትሰጥ ሳንባቸው፣ ብትከለክል ሐዘናቸው አስፈራት። በመጨረሻ ሰጠቻቸው፤ ማስክ እንዲያደርጉ፣ መስኮቱ እንዲከፈት፣ ጥጡን ሌላ ሰው እንዲያባዝት አዝዛ። ማስኩ ሚስማር በከንፈር መያዝ ስለከለከላቸው አጎቴ ሲነጫነጩ፣ እኛ ስንስቅ ዋልን። ሐኪሙ ብዙ አይቆዩም ያላቸው ሰው ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሶፋ ሠሩ፤ ነርሷም በጠየቀቻቸው ቁጥር «ጥሩ ነው» ይሏት ነበር። ዕድሜያቸውን ያረዘመው ቁልፉ ነው ብዬ አልምልም። ጨዋታቸው ሲመለስ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘንድሮ ሳንባቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። ነርሷ ቤት ድረስ መጥታ ስትጠይቃቸው «መጥፎ ነው» አሉ። ልጃቸው አልተከራከረችም፤ ወንድሞቿን ካሉበት አስጠራች። ሁላችንም አልጋቸውን ከብበን ሲቀልዱብን፣ ሲመርቁን፣ የሞቱ ደንበኞቻቸውን ሳይቀር ሲያሙልን ሰነበቱ። ቅዳሜ ጠዋት ነርሷን አስጠርተው መልሳቸውን እንድትቀይርላቸው ጠየቁ። በምን ልተካው ስትላቸው «በጣም ጥሩ» አሉ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ያኖርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንዳትጠራጠሪ» አሏት።

አጎቴ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው፣ እሑድ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ሦስቱም ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ዐረፉ። ከልጆቻቸው ሌላ ሰባት የልጅ ልጆችና እኔን የእህታቸውን ልጅ ጨምሮ ብዙ ወዳጅ ዘመድ ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደግ ቦታ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ጠግበን የምንሰናበተውን ዕድሜ ይስጠን።