የልጅ ልጄን ተኩላ አሉት

ሰኞ፣ ማርች 3
ዘጠኝ ሰዓት ገባሁ። ስድስት አዛውንት አጥቤ፣ አልብሼ… ወገቤ የኔ አልመስል አለኝ። ከአረጋውያን መጦሪያው ኡንተርሊደርባህ እስከ ቤቴ ጊንሃይም በባቡር ቆሜ መጣሁ። ጫማ ሳላወልቅ ልጄ ሚልካ ደወለች። ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል።
"ስም መረጥን፣ ማማ። ቩክ።"
ምን ማለት ነው? ሳቀች። በባሏ አገር ቋንቋ ተኩላ! ጎራን ሰርብ ነው፣ እሺ… ግን ተኩላ? ኧረ በጌታ! እኔ ዳዊት አስቤ ነበር። ማን ጠይቆኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 5
እግሬ አብጧል። ተኩላ…

እሁድ፣ ማርች 9
ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ተነሳሁ። ማይክ ይዤ፣ "የልጅ ልጄ ቩክ፣ ማለትም ተኩላ ሊባል ነው፣ ስሙ እንዲቀየር ጸልዩልኝ" አልኩ። መቶ ሰው እጁን ዘርግቶ ጮኸልኝ። ወንድም እንዳሻውማ አለቀሰ። ቀለል አለኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11
ሚልካ ሰምታለች። ማን ነገራት? እዚህ ከተማ ደግሞ ወሬ!
"ማይክ ላይ፣ ማማ? ስለ ልጄ?" ከዚያ በጀርመንኛ ቀጠለች። ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል። ስወልድ እንዳትመጪ አለችኝና ዘጋችው።
ደክሞኛል። ዛሬ ሥራው አይደለም ያደከመኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15
ሳልጠራ እነ ሚልካ ቤት፣ ቦርንሃይም ሄድኩ። ጎራን ከፈተልኝ። ሚልካ ከሶፋው ቀና አላለችም።
"ለምን ተኩላ? እስቲ ንገሩኝ" አልኩ።
ጎራን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጥንት በእነሱ አገር ልጅ አልበረክት ሲላቸው ቀጥሎ የተወለደውን ቩክ ይሉታል። ሕፃን የሚበላው ክፉ ነገር ተኩላ ይፈራል ብለው ነው አሉ።
"ታዲያ የማን ልጅ አልበረከተም?"
ሚልካ አሁን ቀና አለች፦
"ሁለቴ አስወርዶኛል፣ ማማ። ካቻምናና አምና።"
"ለምን አልነገርሽኝም?!"
"ማይክ ትይዢ ነበራ!"
አፈርኩ። እውነቷን ነው፣ እይዝ ነበር። አቅፌያት ቆየሁ፣ አልገፋችኝም።
ትራም ውስጥ ወንድሜ ትዝ አለኝ። እናቴ ሁለት ቀብራ የወለደችው። ተካልኝ ስትለው ማን ምን አላት? ማንም። እኔ የሰው እናት ሳገላብጥ የኔዋ ልጅ ሁለት ጊዜ ብቻዋን አለቀሰች… ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 6
ሐሙስ ተወለደ። ሦስት ኪሎ፣ ጸጉሩ እንደኛ። ራሷ ናት ደውላ "ነይ" ያለችኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፣ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ነገ ደግሞ ሥራ አለ።
ዛሬ አዳራሽ መሪው ከመድረክ ጠየቀኝ።
"እህት ውባለም፣ ጌታ መለሰልን?"
"መለሰልን።"
"ተመስገን! ስሙ ማን ተባለ?"
"ቩክ።"
መሪው "እንዴት? ምን ተገኘ?" ብሎ ማይኩን ላከልኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።
ማይኩን ተቀበልኩና ለጎኔ ሰው አሳለፍኩት።