የይታገሱ ሁለተኛ ዓይን ይመለስ

ይድረስ ለክቡር አቶ ትንሳኤ፣
የፊልም ማስታወቂያ ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይኖችዎ ደህና ናቸው ወይ? የሁለቱንም ደህንነት ከልብ እመኛለሁ፤ ሁለቱንም ያልኩበት ምክንያት ወደ በኋላ ይገባዎታል። እኔ ፖስተር ሠሪዋ ፍሬሕይወት፣ ስላስተማሩኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን ላቀርብ ወድጄ ይህን ጻፍኩ። በአደባባይ ማድረጌን ይቅር ይበሉኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት።

አንደኛ፣ የመርሳ ልጆች ለሠሩት ፊልም ያዘጋጀሁትን የመጀመሪያ ፖስተር «ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተቀዳ ነው» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፣ ቀድቻለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይኑ መሣል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ከመምህራቸው ቀዱ፤ መምህራቸውም ከሌላ። ስለዚህ ጀግናውን የሚጫወተውን ይታገሱን በሁለት ዓይኑ፣ መሬት ቀማኛውን ደላላ በአንድ ዓይኑ አድርጌ ነበር ያመጣሁልዎ።

ሁለተኛ፣ «የራስሽ ፈጠራ ይሁን» ብለው በዚያው ቀን የአንድ የውጭ ፊልም ፖስተር በቴሌግራም ስለላኩልኝና «ልክ እንደዚህ» ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከአባት የተቀዳ ስርቆት፣ ከማያውቁት ሰው የተቀዳ ግን ፈጠራ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ አይ አለማወቅ! እንደታዘዝኩት ይታገሱን በጎን አቆምኩት፣ ግማሽ ፊቱን ጨለማ አለበስኩት፣ ከኋላው እሳት ለኮስኩበት፣ በመርሳ ማንጎ ዛፎች ቦታም የፎቅ ከተማ ተከልኩ። ደላላው ቦታ ጠብቦት ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ቀረ። እርስዎም «አሁን ፊልም መሰለ!» ብለው ማኅተም መቱበት።

ፖስተሩ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ተለጠፈ። በገበያ ቀን የመጣው ባላገር ከፊቱ እየቆመ ለደላላው አዘነለት፤ ይታገሱን ግን «አቤት፣ ክፋቱ ከፊቱ ሲያስታውቅ!» አለው። አዳራሽ ውስጥማ ይታገሱ ደላላውን ሲያሸንፍ ያጨበጨበ አልነበረም፤ እናቶች ለደላላው ከንፈር ይመጥጡ ነበር። ይህንንም ስቄ ባለፍኩት ነበር፤ ነገር ግን ይታገሱ እጮኛዬ ነው።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሼህ አብዱልሐሊም ሁለት ሰዎች አስከትለው እደጃችን ቆሙ፤ አባቴ ከመርሳ ገበያ ሲመለሱ ፖስተሩን አይተው ነበርና እንኳን እሺ ሊሉ፣ ተቀመጡም አላሏቸው። ለእኔ የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ሌላ ሰው ሥሎት ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። አንቺን ግን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። በጎን ያደረግሽው የምታውቂበት ነገር ቢኖር ነው፤ በአፍሽ መናገር የፈራሽውን በእጅሽ ነገርሽኝ።» ኮሚቴው አዞኝ ነው ብላቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚያዝ ትልቅ ሰው የለም ብለው አላመኑኝም። ክቡር ሆይ፣ አባቴ ለእርስዎ ያላቸው ግምት ይህን ያህል ከፍ ያለ ነው። ይባስ ብሎ ይታገሱ ራሱ «የምርሽን፣ ምን አይተሽብኝ ነው?» ይለኝ ጀመር።

ሦስተኛውን ምስጋና ትቼዋለሁ፤ ልመናዬ ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ከመምጣታቸው በፊት የመጀመሪያው ፖስተር እንዲለጠፍ ይፍቀዱልኝ። ይህ ከከበደዎ ቤታችን ድረስ መጥተው «ያዘዝኳት እኔ ነኝ» ይበሉልኝ። አባቴ ለእንግዳ ክፉ አይደሉም፤ እርስዎን ይቀመጡ ይሉዎታል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

የዕውቀትዎን ስፋት መሸከም ያቃታት፣ ትዳሯ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቀረ ታዛዥዎ፣
ፍሬሕይወት

ማስታወሻ፦ ለኮሚቴው በዓል የሚሰቀለውን፣ የእርስዎ ምስል ያለበትን ትልቅ ባነር ጨርሻለሁ። መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው ብዬ እርስዎንም በጎን አቁሜ፣ ግማሽ ፊትዎን ጨለማ አልብሼ፣ ከኋላዎ እሳት ለኩሼብዎታለሁ። አባቴ አይተውት፣ ምንም የሚስተካከል የለውም ብለዋል።