ለሀቢሶ የሚገጠም ነፍጥ

ሰኞ፣ ሰኔ 9

የዚህ አገር በዓል ነው። የስልክ መጠገኛ ሱቄ ዝግ። ሰፈራችን ሜይፌር ግን በዓል አያውቅም… ከጠዋት ጀምሮ ስልክ የተሰበረበት ሁሉ የቤቴን በር ያንኳኳል። "ሐኪሙ ራሱ ታሟል" እያልኩ መለስኳቸው።

ምሕረቱ ሳሎን ነው። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሶፋዬን ወርሷል። ከዳቬይተን ከመጣ ጀምሮ እኔ በርጩማ ላይ ነኝ። የእህቴ ልጅ ባይሆን ኖሮ…

"ጥይት መትቶህ ነው ወይስ ሥራ ሰልችቶህ?" አልኩት።

"ሁለቱም ጋሼ።"

ሳቀ። ሱቁን ከዘረፉት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ከዚያ እንደ ልማዱ ስለ ጓደኛው ስለ ሀቢሶ ጠየቀኝ። ዳቬይተን ሎኬሽን፣ ጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ ያለችውን ስፓዛ፣ ትንሿን ሱቅ፣ አብረው ከፈቱ፣ አብረው ተመቱ። እሱ ጭኑን፣ ሀቢሶ ሆዱን። ሀቢሶ እስካሁን ሆስፒታል ነው፤ ጠያቂ አያስገቡም። "ነርሶቹን እያስቸገረ ነው" አልኩት። ግማሹ እውነት ነው። ዓይኑን ገልጧል ብለውኛል።

ቀጥሎ የመጣው ግን አስገረመኝ። ሁለቱ ቤኖኒ ከተማ ዕቃ ሊያመጡ ሲሄዱ አንድ የአዳኞች ሱቅ መስኮት ላይ ነፍጥ አይተው ነበር። የድሮው ዓይነት፣ በባልጩት ብልጭታ የሚተኮሰው። ተፈታቶ በሳጥን ይሸጣል፤ የገዛው ሰው ራሱ ይገጥመዋል። ሀቢሶ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ አሉ። አያቱ እንዲያ ያለ ነበራቸው፣ በደርግ ጊዜ ተወሰደባቸው። አባቱ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ሚስማር ያሳያል።

"ግዛልኝ ጋሼ። ከሆስፒታል እስኪወጣ እኔ ልገጥምለት። ሆሳዕና እያለሁ አናጺ አልነበርኩም?"

"የተኮሱብህ ሳያንስ ጠመንጃ ልትሠራ?"

"ይሄ አይተኮስም። ይሰቀላል።"

እሺ አልኩ። ምን ችግር አለው?

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ሀቢሶ ዐረፈ። ጠዋት።

ከሰዓት ጋሽ ዱባለ ሰበሰቡን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ያለውን የአገራችንን ሰው ሁሉ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ምሕረቱ ሌላ ቀዶ ጥገና ይቀረዋል፤ እስኪያልፍ እንዳይሰማ ተባለ። "ቁስል ላይ መርዶ አይጨመርም። ጊዜው ሲደርስ ሰው ይዘን፣ በማለዳ፣ በወጉ እናረዳዋለን። እስከዚያ አደራው ያንተ ነው አጵሎስ። አንተ ቀልደኛ ነህ፣ ትችልበታለህ።"

ቀልደኛ ነህ ተብዬ ተሾምኩ።

የምሕረቱን ስልክ ዘራፊዎቹ ወስደውታል። ለጊዜው ብዬ የሰጠሁት አሮጌው ባለ ቁልፉ ነው፤ ፌስቡክ የለው፣ ምን የለው። ሆሳዕና ላሉትም እንዳይነግሩት ተነግሯቸዋል። ሁሉም አፉን ይዟል።

ቤት ስገባ፣ "ሀቢሶስ?"

"አስገቡኝ። ሰላም በልልኝ ብሏል።"

ሳላስበው ነው የወጣው። ሲወጣ ደግሞ እንዴት ቀሎት!

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ነፍጡን ላስረሳው ሞከርኩ። የተበላሸ የስፌት መኪና አምጥቼ ጭኑ አጠገብ አኖርኩለት። "እሱን ፍታ፣ እሱን ግጠም።" አላየውም።

"ቃል ገብተሃል ጋሼ።"

ኤርጎጌ ከወጥ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ። ባለቤቴ ስትናደድ አትናገርም፣ ሰሃኖቹን ታናግራለች። ዛሬ ሰሃኖቹ ብዙ ሰሙ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ቤኖኒ ሄድኩ። ምን ላድርግ?

ባለ ሱቁ ነጭ ሽማግሌ ነው፣ ጢሙ ሳንቃ የሚያህል። ለተንኮል "ሳውቦና" አልኩት። በዙሉ አፉን ከፍቶ ያወርደው ጀመር! ከሰላምታው ሌላ የማውቀው የለኝ… ራሴ በቆፈርኩት ገባሁ።

ነፍጡ ለጓደኛዬ ነው ስለው ሁለት ሳጥን አወጣ። አንዱ አጭር፣ ቀላል፣ ለቀኝ እጅ የተሠራ። ሌላው ረጅም፣ ለግራ እጅ። "ጓደኛህ በየትኛው ነው የሚይዘው?" አለኝ። ሀቢሶ ግራኝ ነው። ነበር። ለግራኝ ባልጩቱ የሚመታበት ክፍል በግራ ጎን መሆን አለበት አለ፤ አለዚያ ብልጭታው ፊቱ ላይ ነው።

አጭሩን ላንሳው አልኩ በልቤ። ለታክሲ ይመቻል። የሞተ ሰው ግራ ቀኝ ምን ይለዋል? አፌ ግን "ግራ" ይላል። ሰውዬው "የግራው እንጨት ትንሽ ነቅ አለበት፣ የቀኙን ብትወስድ…" ሲለኝ፣ "ጓደኛዬ ፊቱ እንዲቃጠል ነው?" ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ።

ነቁ ያለበትን ተወና ከጓዳ ሌላ የግራ አመጣልኝ። ጠቆር ያለ እንጨት፣ ደመና የመሰለ መስመር የሚታይበት።

"ሊተኩስበት ከሆነ የፈቃድ ወረቀቱን ያምጣ። ለግድግዳ ከሆነ እሳቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳልበሳው እሰጥሃለሁ።"

"ለግድግዳ።"

"እንግዲያው ሰደፉ ከመቆረጡ በፊት ሰውዬውን አምጣው። በክንዱ ልክ ነው የሚቆረጠው።"

"አመጣዋለሁ" አልኩ። ውሸቱን ለማያውቁኝም ማደል ጀመርኩ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ቤቱ ሁሉ የእንጨት ፍቅፋቂ ሆኗል። ሻይ ውስጥ ሳይቀር።

ምሕረቱ ሌላ ሰው ነው። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ እንጨቱን በደረቱ አቅፎ። አፈሙዙ የሚተኛበትን ቦይ በመሮ ያስተካክላል። ብረቱን ቀለም ይቀባዋል፣ ቦዩ ላይ ይጫነዋል፣ ያነሳዋል፤ ቀለም የነካውን ቦታ ብቻ ይፍቃል። ደግሞ እንደገና። ዛሬ ቀለሙ አለቀበትና የኤርጎጌን የከንፈር ቀለም ሰርቄ ሰጠሁት። አንድ አላት፤ ለሠርግ ብቻ የምትቀባው።

"ምን እያደረጋችሁበት ነው?"

"ጠመንጃውን እየዳርነው ነው" አልኳት።

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔና እሷ ተያየን፣ አቆምን። እሱ ብቻውን ትንሽ ሳቀ።

"ሀቢሶ ይሄን ሲያይ ምን ይላል ጋሼ?"

"ነቅ ይፈልጋል። መቼ አመስግኖ ያውቃል?"

"እሱስ እውነት ነው" አለና መሮውን አነሳ።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ዛሬ አስከሬኑን ሸኘን። ወደ አገር።

ለምሕረቱ ወደ ሠርግ ነው የምንሄደው አልነው። ቤሪያ የሚኖር የአንድ ልጅ ሠርግ። ኤርጎጌ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ባለ ጥለት ነጠላ ደርባ ልትወጣ ስትል ምሕረቱ ጠራት።

"እትዬ፣ ሠርግ እንዲህ ይኬዳል? ቀለሙስ? ጠመንጃው አልጨረሰብሽም እኮ!"

ተመልሳ ተቀባች። ከፊቱ ቆማ። ታክሲ ውስጥ በመሐረብ ስትጠርገው፣ ስትጠርገው… ከንፈሯ እስኪላጥ።

ሰው ሞልቶ ነበር። የሬሳ ሳጥኑ ረጅም ነው። ጋሽ ዱባለ ጸለዩ። አንዱ "ምሕረቱስ አልመጣም?" ሲል ዝም አሰኙት። ከሁላችንም በፊት እዚያ መቆም የነበረበት ሰው ሶፋዬ ላይ እንጨት ይፍቃል።

ስንመለስ "የሠርጉስ ኬክ?" እንደሚል አውቄ ነበር። ከሶማሌው ዳቦ ቤት ገዛሁ። ብልጥ ነኝ አይደል? ሁለት ቁራጭ በላ።

"ሙሽራዋ ቆንጆ ናት?"

"ታለቅስ ነበር።"

"ሙሽራ ታለቅሳለች" አለኝ ጣቱን እየላሰ።

ኤርጎጌ ወጥ ቤት ገባች። ሰሃኖቹ እንኳ አልተናገሩም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ሰላምታ አለቀብኝ። ነገ ሀቢሶ ምን አለ ልበለው?

ሰኞ፣ ሰኔ 30

እንጨቱ አልቋል ማለት ይቻላል። ዘይት ሲጠጣ ደመናው ሁሉ ወጣ። እጄን ላሳርፍበት ስል "ላብህን አትቀባው" ብሎ መታኝ።

ሰደፉ ብቻ ቀረ። ረጅም ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በባለቤቱ ልክ ይቆረጣል።

"ክር ይዘህ ሂድ ጋሼ። ከክርኑ መታጠፊያ እስከ ጠቋሚ ጣቱ። የግራውን።"

"በግምት ቁረጠው።"

"የሰው ክንድ በግምት? አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም።"

"ለግድግዳ አይደል እንዴ?"

"አንድ ቀን አውርዶ ትከሻው ላይ ቢያደርገውስ? የሌላ ሰው መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል።"

ጋሽ ዱባለ ዘንድ ሮጥኩ። አልቻልኩም፣ ይንገሩት አልኳቸው። ለመንኳቸው።

"ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ሳምንት ነው። ታገስ።"

"ስለ ክንዱስ ምን ልበለው?"

"አንተ ደግሞ መላ ጠፍቶህ ነው?" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ድሮ ይህን ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ሱቅ ውስጥ ተደብቄ ክሩን በራሴ ክንድ ለካሁ። ትንሽ ጨመርኩበት። ሀቢሶ ረጅም ነው… ምን ያህል ይጨመራል? ሳጥኑን አስታወስኩ። አስታውሼ ማሰብ አቃተኝ። ዝም ብዬ ቆረጥኩት።

ምሕረቱ ክሩን ተቀበለኝ። እንጨቱ ላይ ከማድረጉ በፊት በራሱ ክንድ ላይ ዘረጋው። ደግሞ ዘረጋው።

"ይሄ የማን ነው?"

"የሀቢሶ ነዋ።"

"ሀቢሶ የሱቁን ላይኛ መደርደሪያ ያለ በርጩማ ነው የሚደርሰው። ይሄ ከእኔ ያጥራል።"

"ከስቷል እኮ። በሽታ…"

"ሰው ሲታመም አጥንቱ ያጥራል ጋሼ?"

ቀልድ ፈለግኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈለግኩ። አንድ እንኳ አጣሁ።

"መቼ?" አለ።

አሁንም መካድ ይቻል ነበር። "ሰኔ 11" አልኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ታክሲዎቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ እኔ የሱቅ ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሽማግሌ የለ፣ ማለዳ የለ፣ የሚይዘው ሰው የለ። መርዶ እንዲህ ይነገራል?

በልቡ ሲቆጥር አየሁት። ቀኖቹን ወደ ኋላ ሲሄድባቸው።

"ሠርጉ…"

"አዎ።"

"ኬኩን በላሁት እኮ ጋሼ።"

አላለቀሰም። እንጨቱን ከጭኑ ላይ አንስቶ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው፤ እንደተኛ ሕፃን። ፊቱን ወደ ሶፋው ጀርባ አዞረ። አጠገቡ ቆምኩ። ውሃ አመጣሁ። ውሃውን ይዤ ቆምኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ማታውኑ ነግሬያቸው ነበርና ማለዳ ጋሽ ዱባለ ሰው አስከትለው መጡ። በሩ ላይ "አደራህን በላህ" አሉኝ። የትኛውን አደራ እንደበላሁ ለራሴም አልለየልኝ።

ከዚያ ገብተው፣ እንደሚያውቅ እያወቁ፣ እንደ አዲስ አረዱት። ከመጀመሪያው። ተቀመጡ፣ ጸለዩ፣ የሀቢሶን ስም ከነአባቱ ጠሩ፣ ነገሩት። እሱም እንደ አዲስ ሰማ። "ሰምቻለሁ አባቶቼ" አለ። ያኔ አለቀሰ። ጋሽ ዱባለ ጉልበት ላይ ተደፍቶ፣ ትከሻው እየተናጠ።

እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ ከጫማዎቹ ጋር። ወጉ ለካ ለዚህ ነው አልኩ… ወይስ እኔ ፊት ማልቀስ አልፈለገም?

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ቀዶ ጥገናው ትናንት በሰላም አለፈ። ሐኪሙ ደስ ብሎታል።

ስለ ነፍጡ ጠየቅሁት። "ለሀቢሶ አባት ደውዬ የክንዳቸውን ልክ ልጠይቅልህ? ለእሳቸው ይሁን?" አልኩ። "ይቀመጥ ጋሼ" አለ። በጨዋ ደንብ። ሰደፉ እንደ ረዘመ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ቆሟል። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? የሰደበኝን መልሼ እቀልድበት ነበር። በ"ይቀመጥ ጋሼ" ግን አይቀለድም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

በክራንች መሄድ ጀመረ። ትናንት እስከ መስጊዱ ጥግ ደርሶ ተመለሰ። ዳቬይተን አልመለስም ብሏል ለኤርጎጌ። ለእኔ አልነገረኝም፤ ከእሷ ነው የሰማሁት።

ዛሬ ጠዋት እህቴ ደወለች። ጉልበቷን ተሽሏታል፣ ዝናቡም ጥሩ ነው፣ ስለ ልጇ እግር ጠየቀችኝ። ስንስቅ ቆየን። ስዘጋ ነገርኩት።

"እናትህ ሰላም ብላሃለች። ጉልበቷን ተሽሏታል።"

"ተመስገን። እሺ ጋሼ።"

ፈገግ አለልኝ እንኳ። ሱቅ ልከፍት ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ቁልፍ መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ፣ ያን አሮጌ ስልክ በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ይዟል።

"እማ? አንቺ ነሽ?… ምንም፣ ምንም አልሆንኩም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው… አዎ፣ ጋሼ ነግሮኛል። ነግሮኛል እማ… እንዲያው ቆይ፣ አትዝጊ። ሌላ ነገር አውሪኝ። ከአንቺ በቀር ማንም የማያውቀውን።"

ቁልፉን ሳልወስድ ወጣሁ።