ዶን ኤሊሴዎ ኪንታና እና ተንበርካኪዋ ኢምፓላ

ዶን ኤሊሴዎ ኪንታና ከአባታቸው ከዶን ፋኩንዶ ኪንታና እና ከእናታቸው ከዶኛ ኤፒፋኒያ ሉሴሮ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1940 በኒው ሜክሲኮ፣ ኤስፓኞላ አጠገብ፣ በቤተሰቡ የበርበሬ እርሻ ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በትምህርት ቤት አውቶቡሶች ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል።

ኢምፓላ የተባለችው መኪና የመጀመሪያዋ በ1958 ወደ ከተማው ስትመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበሩ። ከኋላዋ በየጎኑ ሦስት ሦስት ቀይ መብራት ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዶን ኤሊሴዎ መኪና ከፊቷ አይተው አያውቁም፣ ከኋላ መብራት ይቆጥራሉ ይባላል። በዓመቱ ከኋላዋ የቆርቆሮ ክንፍ ስታወጣ ግን አልወደዱላትም፤ ብረሪ ያላት የለም ይሉ ነበር። የገዙት የ1964ቷን ነው፤ ሻንሲዋ፣ ማለት የሥሯ ብረት፣ መስቀለኛ የሆነባት የመጨረሻዋ ስሪት። በ1965 አገሩ አዲሷን ከሚሊዮን በላይ ሲገዛ እሳቸው በያዟት ጸኑ።

በጁን 1966 ከዶኛ ራሞንሲታ ቪሂል ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። መኪናዋ መሬት ለመሬት እንድትሄድ፣ እንደ ጊዜው ወጣቶች፣ ከኋላ የአሸዋ ከረጢት ጭነውባት ስለነበር የመስኖ ቦዩ ድልድይ ላይ በሆዷ ተቀመጠች። ሙሽራዪቱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጭቃውን ረግጠው፣ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደረሱ። «ስሟ የዘላይ እንስሳ፣ አካሄዷ የእባብ። ሁለተኛ አልቀመጥባትም» አሉ።

ዶን ኤሊሴዎ ከተጣለ አውሮፕላን ያወጡትን ሃይድሮሊክ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ፣ የገጠሙላት ባለቤታቸውን ለማስቀመጥ ነው። መኪናዋ ተንበርክካ መነሳት ቻለች። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ዶኛ ራሞንሲታ አልፈው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ዶን ኤሊሴዎም በመስኮት እያወጉ በእርምጃቸው ልክ እየነዱ ቤት ያደርሷቸዋል። ሰፈሩ ይስቃል። ልጃቸው ዴልፊና እናትዋን ለምን እንደማይገቡ ብትጠይቅ «ከገባሁማ ማን ያጅበኛል?» አሏት።

ዴልፊና ሩቅ አገር ተምራ ስትመለስ ብዙ ነገር ትጠራጠር ነበር፤ ዕድሜ ልክ መኪና ዝቅ ከፍ ማድረግ ምን ይረባል ብላ አባቷንም ሞግታለች። «ሰውስ ተንበርክኮ ይነሳ የለ?» ብለው መፍቻቸውን አነሡ።

የኢምፓላ ምርት በ1985 ሲቋረጥ ትመለሳለች አሉ፤ ተመለሰች። በ2020 ለመጨረሻ ጊዜ ስትቆም ሻማ አበሩላት።

በሳንባ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 9 ቀን 2021 በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት እንኳ ባለቤታቸውን መኪናዋ ውስጥ ትገቢያለሽ ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። ዶኛ ራሞንሲታ እጃቸውን ያዙ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ዴልፊናንና ኦኔሲሞን እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

ዛሬ ጠዋት ዶኛ ራሞንሲታ ኦኔሲሞን ጠርተው «ሃምሳ አምስት ዓመት አጀበኝ፤ አሁን ተራው የኔ ነው። ዝቅ አድርጋት፣ ልግባ» ብለዋል። ስለዚህ ከአስከሬኑ ኋላ ኢምፓላዋ በእርምጃ ትሄዳለች፤ ለቀስተኛ እንዳይቀድማት እንለምናለን።

ዝቅ ያለውን ከፍ የሚያደርግ አምላክ ዶን ኤሊሴዎን በእጁ ያንሣልን። አሜን።