ከመስኮቱ ሥር ወደ እንሰቱ ጥላ

አስቀድመሽ ይህን እወቂ፦ የቲማቲም ዘርሽ አልጠፋም። ይህን ሳልነግርሽ ሌላ ሌላውን ብጽፍ ልብሽ እንደማያርፍ አውቃለሁ።

ታደለችዬ፣ ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። የጓሮውን አጥር አሳድሼዋለሁ፤ የበሩም ማጠፊያ ዘይት ስላደረግሁለት መጮኹን ትቷል። በወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም ልልሽ ግን አልችልም፤ ጎረቤታችን ብዙነሽ በመጣች ቁጥር ትቀመጥበታለች፣ እኔም ዝም እላታለሁ። ልጃችን ሳራ ከሐዋሳ በየእሑዱ ትደውላለች። «አባዬ፣ ብቻህን አትችልም፣ እኔ ጋ ና» ትለኛለች። ቲማቲሙ መሬት ይያዝና እንነጋገራለን እላታለሁ። ሰበብ መስሏታል። አልተሳሳተችም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ዘሩን ያደረቅሽው በአንድ ተማሪ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር፤ ያኔ ተቆጥቼሽ እንደነበር አልረሳሁም። መስከረም ላይ የወረቀቱን እኩሌታ ቀድጄ፣ እንደ አንቺው በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ዘራሁና መስኮቱ ሥር አስቀመጥሁት። ጥሩ በቀለ። ችግኞቹን ፀሐይ የማለማመጃው ጊዜ ሲደርስ ግን፣ አመሌን ታውቂዋለሽ፣ ወረቀት አስምሬ ፕሮግራም አወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ በሁለተኛው ሁለት ሰዓት፣ እያለ ይሄዳል። ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። አራት ቀን ደመና ስለነበር ሁሉም ደህና ሆነ። በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ። ወረቀቱ አምስት ሰዓት ስለሚል፣ በማድ ቤቱ ቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ አምስት ሰዓት ሙሉ አቆየኋቸው። ስመለስ ቅጠላቸው ነጥቶ፣ ግንዳቸው ተኝቷል። ብዙነሽ ከአጥሩ ማዶ አየችና «መምህር፣ ፀሐይዋ እኮ ፕሮግራምዎን አላነበበችም» አለችኝ። ልትስቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። አንድም አልተረፈም።

በቀረው እኩሌታ ወረቀት ላይ አሥራ ዘጠኝ ፍሬ ነበር። እነሱ ከሞቱ ከእናትሽ ቤት ከኮንጋ ያመጣሽው ዘር በእኔ እጅ ማለቁ ነው። አንድ ሳምንት ሳልነካው ቆየሁ። ከዚያ የነገርሽኝን ሳይሆን፣ ጀሪካኖቹን ይዘሽ የምትሄጂበትን መንገድ ለማስታወስ ሞከርሁ። አንቺ ሰዓት አይተሽ አታውቂም። መጀመሪያ እንሰቱ ሥር፣ ጥላው ከሚጠናበት ቦታ ታስቀምጫቸው ነበር። ቀጥሎ ብርሃን በቡናው ቅጠል መካከል እየተቆራረጠ ከሚገባበት። ወደ ገላጣው የምታወጫቸው በመጨረሻ ነው፣ ያውም ለጠዋት ፀሐይ ብቻ። ውኃም ትቀንሺባቸው ነበር፤ «ትንሽ ይጠሙ፣ ሥራቸው ፍለጋ ይውጣ» ትዪ ነበር። በየጠዋቱም በእጅሽ ጀርባ ጫፋቸውን ዳበስ ታደርጊያለሽ። ለምን እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም፤ እኔም ዳበስሁ።

አሥራ ሦስቱ በቀሉ። አሥራ አንዱ ጠነከሩ። ትናንት ፀሐይ በረድ ሲል መሬት አስገባኋቸው፤ ዛሬ ጠዋት ሳያቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጀሪካኑን ከእንሰቱ ወደ ቡናው ሳሻግር ድንገት ቆም አልሁ። በሽታው የጠናብሽ ክረምት ትዝ አለኝ። በመጀመሪያ ሻዩን አንተ አፍላ አልሽኝ። ቀጥሎ ሽሮውን፣ አንቺ በሩ ላይ ተቀምጠሽ እያየሽ። ከዚያ ገበያ ላክሽኝ፤ አንድ ቀን እስከ አጥሩ በር ሸኘሽኝ፣ በሌላው ቀን ከወንበርሽ ሳትነሺ። በኋላ ለእድሩ ስብሰባ ብቻህን ሂድ አልሽኝ፣ አርባ ዓመት አብረን እንዳልሄድን። ሽሮው አርሮብኝ ስጠራሽ መልስ አልሰጠሽም። ደክሟት ነው ብዬ አዝኜልሽ ነበር። ግን በዚያው ሰዓት በመስኮት ሳይሽ፣ ጓሮ ወርደሽ ችግኝሽን እያየሽ ነበር። ያኔ ተቀየምሁሽ። እስከዚህ ወር ድረስ ትንሽ ቅያሜ ልቤ ውስጥ ነበር።

አሁን ሽሮዬ አያርርም። ሳራ በሚቀጥለው እሑድ ስትደውል፣ እዚሁ ዲላ እንደምቆይ እነግራታለሁ።

ከመጀመሪያው ፍሬ በጣም የቀላውን ለዘር አስቀራለሁ፣ በየዓመቱም እንዲሁ። በፈተና ወረቀት ላይ አደርቀዋለሁ። እንሰቱ ሥር ባለፍሁ ቁጥርም አንቺን አስባለሁ፤ ለዚህ ፕሮግራም አያስፈልገኝም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፣ ታደለችዬ። ያን ክረምት እኔንም ቀስ በቀስ ከጥላሽ ያወጣሽኝ አውቀሽ ነው ወይ? ዕድሜዬን በሙሉ መልስ ሳርም ኖሬ ይህንን በግምት ልተወው አልችልም። በሕልምም ይሁን፣ እንደሚሆንልሽ አድርገሽ፣ ቶሎ መልሽልኝ።