መስታወቱ ላይ ያረፈው ፊት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመርሽ? እንቅልፍሽ፣ ያ የማይለቅሽ ሳልሽ? እኔ ደህና ነኝ ብል መዋሸት ይሆንብኛል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ድምፄ ስለከዳኝ ጻፍሁልሽ።

ያለ ቀኑ የተወለደው ልጃችን የመስታወት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ከገባ ዛሬ ሃያ አራተኛ ቀኑ ነው። ስም ገና አላወጣንለትም፤ ነርሷ ግን «ጌታው» ትለዋለች። «ጌታው ዛሬም አኩርፈዋል፣ ወተት አልቀበልም ብለዋል» ስትል ሚስቴ ትስቅና ፊቷን ታዞራለች። ትናንት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ሳንባው እየደከመ መሆኑን ነገረኝ። እስከ ዓርብ ከቆየ ተስፋ አለው፣ ከዚያ በፊት ግን ቃል አልሰጥህም አለ። ጭንቀቱ በላኝ፣ እማዬ።

ባለፈው የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «መልኩስ ጥርት ብሏል፤ እናቱ የት ሄዳ ነው ብቻውን የተኛው?» ማለትሽን እህቴ ነግራኛለች። አጠገቡ ነበረች እኮ፤ ሳጥኑ ላይ አጎንብሳ፣ መልኳ መስታወቱ ላይ አርፎ ነበር። እንደምታውቂው እንጀራዬ የሱቅ መስኮት ውስጥ ያለ ጫማና ሰዓት ፎቶ ማንሳት ነው፤ መስታወት ላይ የሚያርፍ የሰው መልክ ጠላቴ ነው። ሌንሱ ጫፍ ላይ የምትገጠም ክብ ማጣሪያ አለችኝ፤ ትንሽ ሳዞራት ነጸብራቁ ይጠፋና ዕቃው ብቻ ይቀራል። ያን ቀንም እጄ እንደ ልማዱ አዞራት። ሚስቴን ከልጇ ላይ በገዛ እጄ ጠረግኋት።

ዛሬ ነርሷ አምስት ደቂቃ ሰጠችኝ። ማጣሪያዋን ፈትቼ ኪሴ ከተትሁና ሚስቴ ሳጥኑ ላይ እንዳጎነበሰች አነሳሁ። ነርሷ በትከሻዬ አሻግራ አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ጥላ ገባብህ እኮ! ሙያህን ረሳኸው እንዴ?» አለችኝ።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የተበላሸ መስሎሽ እንዳትጥይው። ደረቱን የሸፈነው ብዥታ የእናቱ ጉንጭ ነው፤ ቱቦው ላይ ያረፈው ዓይኗ ነው። እስካሁን አንዴም አላቀፈችውም፤ እዚህ ፎቶ ላይ ብቻ ነው የደረሰችበት።

ደብዳቤው እጅሽ እስኪገባ ዓርብ ያልፋል። የእኔ አፍ ተሳስሯል፤ ጸሎቱን አንቺ ያዢልኝ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ የልጁን ሳንባ ነገር ግን አትንገሪው፣ ልቡ አይችልም። እህቴን፣ ስትደውል አታልቅሺ በያት። አናጢው ወንድሜ የጀመረውን የሕፃን አልጋ እንዳያቋርጥ አደራ። ጌታውም ከእናቱ ጋር ሆኖ እጅ ይነሳሻል።

ልጅሽ

ከሆስፒታሉ መተላለፊያ ወንበር ላይ
ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን